ዊኬንድ በነጻ ወይ በትንሽ ወጪ፦ የት ይፈለጋል፣ እንዴት ይፈለጋል

ቅዳሜ ከሰዓት ላይ "እሺ የት እንሂድ?" ብሎ መነሳት ነው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው። በዛ ሰዓት ቶሎ ትዝ የሚለን የለመድነው ቦታ ነው፣ ካፌ፣ ሞል፣ ሲኒማ ምናምን፣ እነዚህ ቦታዎች ደሞ ቁጭ ለማለትም ያስከፍላሉ። ነጻው ኮንሰርት፣ ነጻው ኤግዚቢሽን፣ መናፈሻ ውስጥ የሚታየው ፊልም እኮ እዛው ከተማ ውስጥ አለ፣ ችግሩ ቲኬት ስለማይሸጥ ማስታወቂያ የሚያሰራበት በጀት የለውም፣ ስለዚ እሱ እኛጋ አይመጣም፣ ቀድመን ፈልገን የምናገኘው እኛ ነን።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። ነጻ የሚባለው ነገር ሁሉ የሆነ ሰው የከፈለበት ነው። መንግስት ከግብር ከፍሎበታል፣ ወይ ኤምባሲ፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይ ድርጅት፣ ወይ ደሞ አርቲስቱ ራሱ ስራዬን ሰው ይይልኝ ብሎ ከኪሱ አውጥቶበታል። "ለዚህ ነገር የሚከፍለው ማነው፣ ለምንስ ብሎ?" ብላችሁ ስትጠይቁ የት መፈለግ እንዳለባችሁም፣ የቱን ማመን እንደሌለባችሁም ባንዴ ይገባችኋል።

1. ወጪውን ከቤት እስከ ቤት ቁጠሩት

"መግቢያው ነጻ ነው" የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መሄጃ ትራንስፖርት አለ፣ መመለሻ አለ (ማታ ከሆነ ብዙ ቦታ ይወደዳል)፣ እዛ ስትደርሱ ውሃ፣ የሚቀመስ ነገር፣ መኪና ካላችሁ ማቆሚያ። ይሄን ስትደምሩት ከተማው ጫፍ ላይ ያለ ነጻ ኮንሰርት ሰፈራችሁ ካለ በትንሽ ገንዘብ ከሚታይ ቲያትር በላይ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ስለዚ ፍለጋውን በእግር ከሚደረስበት ጀምሩ፣ ቀጥሎ በአንድ ባስ የሚደረስበት፣ ሩቁ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ለዊኬንዱ ጣራ አውጡለትና ከዛ አትለፉ። በልታችሁ ውጡ፣ ውሃ ያዙ። ከጓደኞች ጋር ከሆነ ደሞ ገና ስትቀጣጠሩ "በዚህ ሳምንት ይሄን ያህል ነው ያለኝ" በሉ፣ ነውር የለውም፣ እንደውም ብዙ ጊዜ ሌላውም ሰው ልቡ ውስጥ የነበረው እሱ ስለሆነ ሲሰማው ይቀለዋል።

2. ሐሙስ ማታ ቁጭ ብላችሁ ፈልጉ

ለምን ሐሙስ? ሰኞና ማክሰኞ ላይ ብዙዎቹ ገና ፖስት አላደረጉም፣ አርብ ማታ ደሞ ምዝገባ የሚጠይቁት ሞልተው ዘግተዋል። ሐሙስ ማታ ወይ አርብ ጠዋት ሲሆን የዊኬንዱ ነገር ባብዛኛው ወጥቷል፣ ቦታም አለ። ዝርዝሩን አንዴ ካዘጋጃችሁት በኋላ ፍለጋው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ዝርዝሩን ስታዘጋጁ ኢቨንት ሳይሆን ቦታ ፈልጉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ "የዚህ ሳምንት ነጻ ኮንሰርት" ብሎ ይፈልግና ምንም ሳያገኝ ይተወዋል፣ ወይም ካቻምና የተደረገ ኮንሰርት ይመጣለታል። ኢቨንት ያልፋል፣ ቦታው ግን ባለበት ነው፣ አዳራሽ ያለው ሰው አዳራሹን በየሳምንቱ ይሞላዋል። ስለዚ እነዚህን ከተማችሁ ውስጥ አንድ በአንድ ፈልጉና ገጻቸውን ፎሎው አድርጉ፣ ቴሌግራም ቻናል ካላቸው ግቡ፣ የኢሜይል ዝርዝር ካላቸውም ተመዝገቡ።

የህዝብ ላይብረሪ አንዱ ነው። የመጽሐፍ ውይይት፣ የልጆች ተረት ሰዓት፣ ፊልም፣ አንዳንዱ ጋ የቦርድ ጌም ማታ ሁሉ አለ። ከዛ የውጭ አገር የባህል ማእከላት፣ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ አሊያንስ ፍራንሴዝ፣ ብሪቲሽ ካውንስል፣ የስፔኑ ሰርቫንቴስ እና የመሳሰሉት፣ የነዚህ ስራቸው የአገራቸውን ቋንቋና ባህል ማስተዋወቅ ስለሆነ ፊልም ማሳየትና ሙዚቀኛ ማምጣት ለነሱ ትርፍ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም። አሊያንስ ፍራንሴዝ በፈረንጆቹ 1883 ነው የተመሰረተው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ እስካሁን ይሄንኑ ነው የሚሰራው፣ ያለነሱ ድጋፍ ከተማ ውስጥ የማይታዩ ፊልሞች አሉ። ከዛ የከተማው አስተዳደር የባህልና የስፖርት ቢሮ፣ ከዛ ሙዚየሞች፣ ከዛ የስእል ጋለሪዎች።

ጋለሪ ውስጥ መግባት ብዙ ሰው ይፈራል፣ ካልገዛችሁ የሚያባርሯችሁ ይመስላል። አያባርሩም። ኤግዚቢሽን የሚከፈትበት ቀን ላይ እንደውም ሰው እንዲሞላላቸው ነው የሚፈልጉት፣ አርቲስቱም እዛው ቆሞ ስለሚገኝ "ይሄን ስትሰሪው ምን አስበሽ ነው?" ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ይቻላል። ይሄ በገንዘብም የማይገኝ ነገር ነው።

ፖስተር ስታዩ ደሞ ፎቶ አንሱት፣ ያ ኢቨንት ቢያልፋችሁም አንሱት። ታች ጥግ ላይ ተደርድረው የምታዩአቸው ትንንሽ ሎጎዎች ስፖንሰሮቹ ናቸው፣ ማለትም ከተማችሁ ውስጥ ለነጻ ነገር የሚከፍሉት ሰዎች ስም ዝርዝር ማለት ነው። እነሱን እየፈለጋችሁ ፎሎው ስታደርጉ ቀጣዩን ኢቨንት ቀድማችሁ ትሰማላችሁ።

3. ዩኒቨርሲቲዎችን በተለይ የሙዚቃና የቲያትር ትምህርት ቤቶችን

ይሄን ለብቻው ያወጣሁት ከሁሉም የምወደው ስለሆነ ነው፣ ከሁሉም የተረሳውም እሱ ይመስለኛል። የሙዚቃ ተማሪ ለመመረቅ ሰው ፊት መጫወት አለበት። የቲያትር ተማሪ መድረክ ላይ መውጣት አለበት። የስእል ተማሪ ስራውን ግድግዳ ላይ ማሳየት አለበት። ለዚህ ሁሉ ተመልካች ያስፈልጋቸዋል፣ ተመልካቹ ደሞ ብዙ ጊዜ እናትና አባትና የክፍል ጓደኛ ብቻ ነው፣ በሩ ግን ለማንም ክፍት ነው። የሴሚስተሩ ማለቂያ ላይ ባለፈው ወር ሁሉ ያልነበረው ነገር ባንድ ሳምንት ውስጥ ይደራረባል፣ አካዳሚክ ካላንደራቸውን አውርዱና ፈተና የሚጀመርበትን ሰሞን ምልክት አድርጉበት።

አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ካላችሁ የማትሰሙት ነገር የለም። ቫዮሊን የምትጫወተው ልጅ ከመጀመሯ በፊት ስትተነፍስ ይሰማችኋል፣ ክላርኔቱ ላይ የልጁ ጣቶች ቁልፎቹን ሲነኩ የሚያወጡት ትክ ትክ ይሰማችኋል፣ አንዱ ኖታ ሲያመልጠው ፊቱ ምን እንደሚሆንና እንዴት ተመልሶ እንደሚገባበት ታያላችሁ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ውድ ቲኬት ገዝታችሁ ጀርባ ላይ ስትቀመጡ ይሄን አታገኙትም። ሲጨርሱ ደህና አድርጋችሁ አጨብጭቡላቸው፣ የማያውቁት ሰው ሊሰማቸው መምጣቱ ለነሱ ትልቅ ነገር ነው።

ህዝባዊ ሌክቸርም አለ። ርእሱ ከሩቅ ደረቅ ይመስላል፣ ግን አንድ ሰው እድሜውን ሙሉ ያጠናውን ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ መስማት፣ ጥሩ ተናጋሪ ከሆነ፣ ከፊልም አያንስም።

4. ሙዚየም ካለ ነጻ ሰዓቱን እወቁ

ብዙ ሙዚየም የሚያስከፍል ቢሆን እንኳ የሆነ ቀን ወይ የሆነ ሰዓት ላይ በነጻ ያስገባል። ማድሪድ ያለው ፕራዶ በየቀኑ የመጨረሻዎቹን 2 ሰዓታት በነጻ ነው። ጣልያን ውስጥ የመንግስት ሙዚየሞች የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነጻ ናቸው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ሙዚየሞች ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ቋሚ ስብስባቸውን በነጻ ያሳያሉ፣ ለየት ያለ ጊዜያዊ ኤግዚቢሽን ሲያመጡ ግን ለሱ ያስከፍላሉ። የናንተም ከተማ ሙዚየም እንደዚህ አይነት ነገር ሊኖረው ይችላል፣ ግን በሩ ላይ በትልቁ አይለጥፉትም፣ ዌብሳይቱ ላይ ስለ ቲኬት የሚያወራው ክፍል ታች ላይ ነው የሚገኘው።

ካልተገኘ ደውሉ። ስትደውሉ "ነጻ ነው?" ብቻ ብላችሁ አትዝጉት። ነጻው ለሁሉም ነው ወይስ ለተማሪና ለከተማው ነዋሪ? መታወቂያ ያስፈልጋል? ቀድሞ መመዝገብ አለ? ሁሉም ክፍል ነው ወይስ የተወሰነው? መጨረሻ የምታስገቡት ስንት ሰዓት ላይ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አይዘለልም፣ ብዙ ሙዚየም ከመዝጊያው ግማሽ ሰዓት ወይ አንድ ሰዓት ቀድሞ ማስገባት ያቆማል፣ በነጻው ሰዓት ላይ ደሞ ሰልፍ አለ።

አጭር ሰዓት ስለሆነ ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። አንድ ክፍል ምረጡ፣ እዛ ውስጥ ደስ ያላችሁ አንድ ነገር ፊት አስር ደቂቃ ቁሙ፣ ውጡ። ነጻ ስለሆነ ሌላ ቀን ትመለሳላችሁ፣ የነጻ ትልቁ ጥቅሙም እሱ ነው፣ "ከፍያለሁና ሁሉንም ማየት አለብኝ" የሚለው ጭንቀት የለም።

5. የሚያስከፍለውን ማርከስ

ቲያትርና ኮንሰርት ሁሌ ውድ አይደለም፣ ቀኑና ወንበሩ ነው የሚያስወድደው። የቀን ትርኢት ከማታው ይረክሳል፣ በሳምንቱ መሃል ያለው ከቅዳሜው ይረክሳል። አንዳንድ ቤቶች ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ያልተሸጠውን ወንበር በቅናሽ ይሸጣሉ፣ ቲኬት መሸጫው መስኮት ላይ ሄዶ መጠየቅ ነው። የቪየና ኦፔራ ቤት በመቶ የሚቆጠር የመቆሚያ ቦታ አለው፣ ከወንበሩ በጣም በረከሰ ዋጋ ነው የሚሸጠው፣ እግራችሁ የሚችል ከሆነ ያው አንድ አይነት ሙዚቃ ነው የምትሰሙት። ሌላው በጎ ፈቃደኛ ሆኖ መስራት ነው፣ ፌስቲቫሎች በር ላይ ቲኬት የሚቆርጥ፣ እንግዳ የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጋሉ፣ ሁለት ሶስት ሰዓት ሰርታችሁ ቀሪውን በነጻ ታያላችሁ፣ የሚያዘጋጁትን ሰዎችም ስለምትተዋወቁ ቀጣዩን ወሬ ከምንጩ ትሰማላችሁ። ከመደበኛው ትርኢት በፊት ተመልካች አስገብተው የመጨረሻ ልምምድ የሚያደርጉ ቡድኖችም አሉና "ልምምዳችሁን ማየት ይቻላል?" ብላችሁ ጻፉላቸው፣ ቢበዛ አይቻልም ነው የሚሏችሁ።

6. ከተማው ራሱ

የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ውስጥ ከ1974 ጀምሮ ሲክሎቪያ የሚባል ነገር አለ፣ እሁድ እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለመኪና ይዘጋና ሰው በሳይክልና በእግሩ ይወጣበታል፣ ከዛ በኋላ ብዙ ከተሞች ኮርጀውታል። ፓርክራን የሚባለውም አለ፣ በ2004 ለንደን አንድ መናፈሻ ውስጥ 13 ሰው ሮጦ የጀመረው፣ አሁን በብዙ አገር ቅዳሜ ጠዋት 5 ኪሎ ሜትር በነጻ ይሮጣል፣ መራመድም ይቻላል። ከተማችሁ ውስጥ እነዚህ ባይኖሩ እንኳ የሰፈር ሊግ ኳስ ይኖራል። መስመሩ ዳር ቆሞ ተጫዋቾቹ ሲነጋገሩ እየሰሙ ጨዋታ ማየት ስታዲየም ውስጥ ከላይ ከማየት የተለየ ነው፣ በነጻ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሜዳው አይጠፋም።

በእግር መዞር ከፈለጋችሁ ርእስ ስጡት። ዝም ብሎ መዞር በግማሽ ሰዓት ይሰለቻል፣ "ዛሬ የድሮ በሮችን ብቻ ነው የማየው"፣ "ይሄን ወንዝ ከድልድይ ወደ ድልድይ ነው የምከተለው"፣ "የሀውልቶቹን ጽሁፍ በሙሉ አነባለሁ" ብላችሁ ስትነሱ ግን በየቀኑ የምታልፉበት መንገድ ላይ አይታችሁት የማታውቁት ነገር ይወጣል። ካርታውን ቤት ዋይፋይ ላይ እያላችሁ አውርዱት፣ ኦፕን ስትሪት ማፕን (ሰዎች በጋራ የሚሰሩትን ነጻ ካርታ) የሚጠቀሙ ነጻ አፖች ያለ ኢንተርኔት ይሰራሉ። አስጎብኚ ያለው "ነጻ የእግር ጉብኝት" የሚባለው ግን በጉርሻ የሚሰራ ነው፣ ልጁ ሁለት ሰዓት ሙሉ አውርቶ ገቢው እሱ ነው፣ ስለዚ ይሄን በትንሽ ወጪ ከሚባለው መድቡት እንጂ ባዶ ኪስ ይዛችሁ አትሂዱ።

7. ማታ ላይ ቀና በሉ

የከተማ መብራት ከዋክብቱን ይሸፍናል፣ እውነት ነው፣ ጨረቃንና ፕላኔቶችን ግን አይሸፍንም። ሰው ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ነው ለማየት የሚወጣው፣ ለማየት የሚመረጠው ግን ግማሽ ስትሆን ነው። ጨረቃ ወሯን ጀምራ ሳምንት ገደማ ሲሆናት ጸሀይ ስትጠልቅ እሷ ሰማዩ ላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፣ እስከ እኩለ ሌሊት አካባቢም ትቆያለች። የጓደኛ ባይኖኩላር ተዋሱ፣ ክርናችሁን ግድግዳ ወይ የበረንዳ ጠርዝ ላይ አስደግፉ (ካልተደገፈ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ምንም አታዩም)፣ ከዛ ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበትን መስመር ተከተሉ። እዛ መስመር ላይ ጸሀይዋ ከጎን ስለምታርፍ ጉድጓዶቹ ጥላ ይጥላሉ፣ ጠርዛቸው በርቶ ውስጣቸው ጥቁር ሆኖ አንድ በአንድ ይለያሉ። ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን ይሄ ጥላ ሁሉ ይጠፋል።

ጁፒተር ማታ በሚታይበት ሰሞን ከሆነ በዛው ባይኖኩላር ከጎኑ በአንድ መስመር የተደረደሩ ትንንሽ ነጥቦች ታያላችሁ፣ ጨረቃዎቹ ናቸው፣ ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው አራቱ። በነጋታው ማታ ተመለሱና እዩ፣ ቦታ ተቀያይረዋል። ልጆች ይሄን ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ማታውን ሙሉ ያስወራል። የትኛው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ስቴላሪየም የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ በ90 ደቂቃ አንዴ መሬትን ይዞራል፣ ጸሀይ ከጠለቀች በኋላ ወይ ሊነጋ ሲል ከላያችን ሲያልፍ ብልጭ ድርግም የማይል ደማቅ ነጥብ ሆኖ በአይን ይታያል፣ በናንተ ከተማ ላይ የሚያልፍበትን ሰዓት ናሳ በነጻ ያሳውቃል። ከተማችሁ ውስጥ የአስትሮኖሚ ክበብ ካለ ደሞ ቴሌስኮፕ አውጥተው ሰው የሚያሳዩበትን ማታ ጠይቁ፣ እነዚህ ሰዎች ማሳየት በጣም ነው የሚወዱት።

8. ነጻ ያልሆነው "ነጻ"

እዚህ ጋ ነው "የሚከፍለው ማነው?" የሚለው ጥያቄ የሚጠቅመው። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ። ለነጻ ኢቨንት የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ፎርም ካያችሁ ዝጉት። መግቢያው ነጻ ሆኖ ውስጥ የግድ መታዘዝ ያለበት ቦታ አለ፣ ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ ጠይቁ። ስጦታም ምሳም አለ ብለው ጠርተው ሁለት ሰዓት ሙሉ እቃ ወይ ቤት ሊሸጡ የሚያደርቁም አሉ፣ እነዚህን ግብዣው ላይ ፕሮግራሙ ስለማይጻፍ ታውቋቸዋላችሁ፣ እውነተኛ ኢቨንት ማን እንደሚጫወት፣ ማን እንደሚያወራ፣ ስንት ሰዓት ተጀምሮ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ይናገራል። የአንድ ወር ነጻ ሙከራ የሚባለውን የምትጠቀሙ ከሆነ በተመዘገባችሁበት ደቂቃ ማቆሚያውን ቀን ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉት።

9. ምዝገባና ሰዓት

ነጻ ኢቨንት ላይ ከተመዘገበው ሰው ብዙው ይቀራል፣ አዘጋጆቹም ይሄን ስለሚያውቁ ብዙ ጊዜ ከወንበሩ በላይ ይመዘግባሉ። ስለዚ ተመዝግባችሁም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ሞልቷል ከተባላችሁም ቅርብ ከሆነ ሂዱና በር ላይ ጠብቁ፣ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ባዶውን ወንበር ይለቁታል። መሄድ ካልቻላችሁ ሰርዙ፣ አንድ ክሊክ ነው፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ከልጆች ጋር ከሆነ ዳር ላይ ቁጭ በሉ፣ ሲሰለቹ ሰው ሳትረብሹ መውጣት ትችላላችሁ። ብቻችሁን ከሆነ ሌክቸርና ሙዚየም በጣም ይመቻል፣ ማንም አያያችሁም። ክፍት ቦታ ላይ የሚደረግ ነገር ከሆነ ደሞ ለዝናብ የሚሆን ሁለተኛ ምርጫ ያዙ፣ በተቻለ መጠን እዛው ሰፈር፣ ሁለቴ ትራንስፖርት እንዳይወጣ።

10. ካላንደራችሁ ላይ የሚደጋገመውን ጻፉ

የሄዳችሁበት ነገር ደስ ካላችሁ በየስንት ጊዜው እንደሚደረግ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት፣ "የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ላይብረሪ፣ ፊልም" አይነት። በየዓመቱ የሚመጡም አሉ። ሜይ 18 የሙዚየሞች ቀን ነው፣ ከ1977 ጀምሮ ይከበራል፣ ብዙ ሙዚየም በነጻ ይከፍታል። ጁን 21 በ1982 ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረው የሙዚቃ ቀን ነው፣ አሁን ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ ሙዚቀኞች መንገድ ላይ ወጥተው በነጻ ይጫወቱበታል። ኦፕን ሃውስ የሚባለውም አለ፣ በ1992 ለንደን ውስጥ የተጀመረ ነው፣ አሁን በብዙ ከተሞች በዓመት አንድ ዊኬንድ ሌላ ጊዜ ዝግ የሆኑ ህንጻዎች ለህዝብ ይከፈታሉ። እነዚህን በየዓመቱ እንዲደጋገሙ አድርጋችሁ ሙሏቸውና ማስታወሻው በእለቱ ሳይሆን ከሁለት ሶስት ሳምንት በፊት እንዲመጣ አድርጉት፣ በተለይ ኦፕን ሃውስ ላይ ተፈላጊዎቹ ህንጻዎች ምዝገባቸው ቀድሞ ያልቃል።